ወንበርህን ፈቀቅ አድርግ

ቤቱን ሠርቶ ቁልፉን ማስረከብ የማይበቃው አርክቴክት አለ። ግድግዳውን ጨርሶ፣ ቀለሙን መርጦ፣ ባለቤቱ ከአያቱ የወረሰውን ሶፋ ተሸክሞ ሊገባ ነው ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ወንበሩንም ራሱ ይነድፈዋል።

በዚህ አመል አሜሪካዊውን ፍራንክ ሎይድ ራይትን የሚያክል አልተገኘም። መደርደሪያውንና አግዳሚውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ይሠራ ነበር፤ ማንም ተነሥቶ «እስቲ ወደ መስኮቱ እናዙረው» እንዳይል። ለአንዳንድ ደንበኞቹ ሚስቶች ከቤቱ ጋር የሚሄድ ቀሚስ ሳይቀር ነድፏል። እ.ኤ.አ. በ1939 ራሲን፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ለተከፈተው የጆንሰን ዋክስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ደግሞ ባለ ሦስት እግር ወንበር አዘጋጀላቸው። አቀማመጧን ያላሳመረች ከነወንበሯ ትገለበጣለች። ኋላ አራተኛ እግር ተጨመረ። ራይት ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የገዛ ወንበሮቹ ሰውነቱን ሲያበልዙት እንደኖሩ ጽፎ አምኗል፤ መንደፉን ግን አልተወም።

የዚሁ ኩባንያ ባለቤት ኸርበርት ጆንሰን፣ ራይት በሠራለት መኖሪያ ቤት እንግዳ ጠርቶ እራት ላይ ሳለ፣ ጣሪያው አናቱ ላይ ይንጠባጠብበት ጀመር አሉ። በንዴት ስልክ ቢደውል ራይት «ወንበርህን ፈቀቅ አድርግ» ብሎ መለሰለት ይባላል። ዕቃን ሁሉ ከግድግዳ ጋር ሲያስር የኖረ ሰው፣ ለዚያች ማታ ብቻ ወንበር እንዲነቃነቅ ፈቀደ።

የጀርመናዊው ሚስ ቫን ደር ሮኸ ጨዋታ ደግሞ ከነገሥታት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የባርሴሎና ኤግዚቢሽን ላይ ለጀርመን አዳራሽ ከሊሊ ራይሽ ጋር ያሰናዳው ወንበር፣ የስፔን ንጉሥና ንግሥት ብቅ ሲሉ እንዲቀመጡበት የታሰበ ነበር። ሲያዩት የማሽን ዘመን ልጅ ይመስላል፤ ብዙው ሥራው ግን የእጅ ነው፣ ዋጋውም ይህንኑ ይመሰክራል። ዛሬ በየሕግ ቢሮው እንግዳ መቀበያ ተደርድሮ ንጉሥ ይጠብቃል። ዝቅ ያለ ነው፤ ክንድ ማሳረፊያም የለውም። ጉልበቱ የደከመ ባለጉዳይ አንዴ ከገባበት፣ ለመውጣት ብቻ ሁለት ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ይኸው ሚስ ኢሊኖይ ውስጥ ለሐኪሟ ኢዲዝ ፋርንስዎርዝ የሠራው ቤት ዙሪያውን መስታወት ነው። ከመንገድ ስለሚያሳይ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የቆሻሻ ቅርጫት እንኳ ማስቀመጥ አልቻልኩም ብላ አማረረች። በክፍያም ተካሰሱ። እኔን ከክሱ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ቤቱን በራሷ ምርጫ ዕቃ መሙላቷ ነው፤ ለእንዲህ ያለ አርክቴክት ከዚህ የከፋ ቅጣት የትኛው ዳኛ ይፈርዳል?

ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ ለፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ወንበር ሲነድፍ፣ በሽተኛው እንደልቡ እንዲተነፍስ የመደገፊያውን ዘንበል አስልቷል፤ የእጅ መታጠቢያውንም ውኃው ሲወርድ አጠገብ የተኛውን እንዳይቀሰቅስ አድርጎታል። ቀሚስ ለመንደፍ ግን ጊዜ አላገኘም መሰለኝ።

ከሁሉም የሚያስቀው የህንዷ ቻንዲጋር ነው። አርክቴክቱ ሌ ኮርቢዚየ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተማዋን ሲያቅድ፣ የአጎቱ ልጅ ፒየር ዣነሬ ከህንዳውያን ባልደረቦቹ ጋር ለመሥሪያ ቤቶቿ ከቲክ እንጨትና ከሸምበቆ ጥልፍ ወንበር አሠራ። ጸሐፊውም መዝገብ ቤቱም ዓመታት ተቀመጠበት። ጥልፉ ሲበጠስ ጣሪያ ላይ ተወረወረ፣ ዝናብ መታው፣ በመጨረሻም ቆራሌው በሚገዛበት ሒሳብ በጨረታ ወጣ። የፓሪስ ነጋዴዎች ሰብስበው አሳደሱትና በአውሮፓና በአሜሪካ ጨረታዎች በብዙ ሺህ ዶላር ቸበቸቡት። የህንድ መንግሥት ቅርስ መሆኑን አስታውሶ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ይኸውም ዕቃው ባሕር ከተሻገረ በኋላ።

ንብረት ክፍል እንዳይጠፋ ብሎ በቀለም የጻፈበት የመሥሪያ ቤት ስምና ቁጥር ደግሞ ዛሬ ትክክለኛነቱ የሚመሰከርበት ምልክት ሆኗል። ዣነሬ ወንበሩ ላይ አልፈረመም፤ የፈረመው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ነው፤ ገዢውም ዓይኑን ጨፍኖ የሚከፍለው ያንን ፊርማ አይቶ ነው።