የእርሳስ ፍቺ፦ በአሮጌ የእንግሊዝኛ ልብወለዶች ኅዳግ ላይ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ ዓላማ አንባቢ ልብወለድ እያነበበ አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል የሚያጠናው እስከ የትኛው ገጽ እንደሆነ መወሰን ነው። ማስረጃው የተሰበሰበው ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና አከራዮች ነው። የእነሲድኒ ሼልደንና የጄምስ ሃድሊ ቼዝ ልብወለዶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረው፣ ኅዳጋቸው የእርሳስ መዝገብ ሆኗል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቃል ተሰምሮበት፣ በላዩ የአማርኛ ፍቺው በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። በሁለተኛው ምዕራፍ መስመሩ አለ፣ ፍቺው የለም። ከሦስተኛው ወዲያ ገጹ ንጹሕ ነው። ይህ በትርጓሜ መጻሕፍት ወግ ሲፈታ፦ አንድም አንባቢው በሁለት ምዕራፍ እንግሊዝኛን ጨርሷል፤ አንድም ገዳዩን ለማወቅ ቸኩሏል፤ አንድም የመጽሐፉ ኪራይ በቀን ይቆጠራል። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአምሳሉ አክሊሉንና የሞስባክን መዝገበ ቃላት ጎረቤት ተውሶ ወስዶት ይሆናል የሚሉም አሉ። አጥኚው ያዘነበለው ወደ ጎረቤቱ ነው።

የሚለቀመው ቃል ዓይነትም ችላ አይባልም። የቼዝ አንባቢ ስለ ሽጉጥ፣ ስለ ማነቅና ስለ ውርስ ክርክር የተሟላ ቃላት አለው፤ የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው ግን በእንግሊዝኛ መናገር አይችልም። በ1859 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዲከንስን «የሁለት ከተሞች ወግ» የጀመረ ደግሞ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ የዶቨር ፖስታ ሠረገላ በጭቃ ዳገት ሲወጣ ያገኘዋልና፣ ስለ ፈረስ ዕቃ ብዙ ያውቃል። አዲስ ቃል ሳያድር ሥራ ላይ መዋል ስላለበት፣ ለሒሳብ ሠራተኛነት በሚጻፍ ማመልከቻ ውስጥ ይገባል። ቀጣሪውም መዝገበ ቃላት ስለሌለው መልስ አይሰጥም።

ከሁለተኛው ምዕራፍ አያልፍም ከሚለው ሕግ ያፈነገጠ አንድ ሰው ተመዝግቧል። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ፣ የማርጋሬት ሚቼልን የ1936 እ.ኤ.አ. ግዙፍ ልብወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ይህ ማስረጃ ስሌቱን ስለሚያበላሽ ከጥናቱ ተሰርዟል።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እርሳሱን በላጲስ እንዳያጠፉ በአክብሮት ይለመናሉ። ቀጣዩ ገዢ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ያለ መዝገበ ቃላት ይዘልቃል።