አንደኛ የሌለበት ውድድር፦ ከአዘጋጅ ኮሚቴው የተሰጠ ማብራሪያ

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ተብሎ በኮሚቴያችን ላይ ያልተረተ ጎረቤት የለም። ተራቾቹ ግን ዋናውን ነገር ሳያጣሩ ነው የሚፈርዱት። መነኩሴው ቆቡን የሰፋው በስንት ፈትል ነው? ስፌቱስ ቀጥ ብሎ ወጣለት? ከውስጥ በኩል ቋጠሮ ትቷል ወይስ የክሩን ጫፍ ከስፌቱ ሥር ደብቆታል? ይህ ሁሉ ሳይታወቅ አንድን የእጅ ሥራ ባለሙያ የአገር መሳቂያ ማድረግ ነውር ነው። ኮሚቴው መነኩሴውን በሌሉበት የክብር አባል አድርጎ የመዘገባቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቀላሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክሮስ ስቲች፣ ማለትም መስቀለኛ ጥልፍ የምንወድ ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ እንገናኛለን። አንዲት ነርስ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሹም፣ አንድ የምህንድስና ተማሪ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንትና እኔ ነን። አንድ ቅዳሜ ነርሷ «ለምን በአንድ ርዕስ ሁላችንም የየራሳችንን ንድፍ አንነድፍም? እንዲያው ለወዳጅነት ያህል እንወዳደር» አለች። ኳስ የሚከታተል ሰው እንደሚያውቀው ተጫዋች ጉልበቱ የሚወጣው በወዳጅነት ጨዋታ ነው። ስለዚህ በረካው ሳይቀዳ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ሦስት ንዑስ ኮሚቴዎች ተሰየሙ፦ የጨርቅና ክር፣ የፊደል፣ የጀርባ። አንዳንዶቻችን ኃላፊነት ስለደራረብን ሪፖርት የምናቀርበው ለራሳችን ነው። እኔ ለራሴ ያቀረብኩትን የመጀመሪያ ሪፖርት በቂ ማስረጃ የለውም ብዬ መልሼዋለሁ።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ወደ ሰፈሩ ይመልከት። ድንኳንና ወንበር ለማከራየት ዕድሩ ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ቀሪ የሚያስቀጣ ጸሐፊ አለው። ዕቁብም ያለ ዳኛ አይጣልም። ታዲያ 4,900 ካሬ በክር ለመሙላት የተነሣ ሰው ያለ ቃለ ጉባኤ ይሠራ?

ቁጥሩ የተጋነነ አይደለም። አይዳ የሚባለው ጨርቅ፣ የተለመደው ዓይነት፣ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ይይዛል። ንድፉ ከ70 በ70 ካሬ እንዳይበልጥ ስለተወሰነ ሥራው ሲያልቅ በየጎኑ 12.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከስኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም። ግን ለእያንዳንዷ መስቀል መርፌ ሁለት ጊዜ ትወጣለች፣ ሁለት ጊዜ ትገባለች። ጨርቁን ሙሉ ለሙሉ የሸፈነ ተወዳዳሪ 19,600 ጊዜ ጨርቅ ይበሳል ማለት ነው። የሂሳብ ሹሙ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደመሩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከዚያም «ውሎ አበል ተይዟል?» ሲሉ ጠየቁ። አልተያዘም።

በክር ረገድ ኮሚቴው ጥብቅ ነው። ዲ ኤም ሲ የተባለው ኩባንያ፣ ዛሬ የፈረንሳይ በሆነችው በሙሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1746 የተመሠረተው፣ ወደ 500 የሚጠጉ ቀለሞችን በቁጥር ለይቶ ይሸጣል። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ ክሩ ስድስት ቀጫጭን ፈትል ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ጨርቅ ሁለቱ ብቻ ይመዘዛሉ። ከዚህ ዓለም ጋር የቆየ ሰው ቀለምን በስሙ መጥራት ይተዋል። ጥቁር 310 ነው። ነርሷ ከለቅሶ ቤት ተመልሳ «ሟች ቤት ሁሉም 310 ለብሷል» ስትል ማናችንም ግር አላለንም። ለውድድሩ ከ12 ቀለም በላይ መጠቀም አይፈቀድም፤ ምክንያቱም ገደብ ከሌለ ተማሪው ፎቶ በስልኩ አስገብቶ፣ አፕሊኬሽኑ ለአንድ ጉንጭ ብቻ ደርዘን ዓይነት ቡናማ መርጦለት ይመጣል። ይህ በእኔ እምነት ንድፍ አይደለም፣ ፎቶ ኮፒ ነው። ንድፍ በባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ፣ እየጠፋና እየተሣለ ይወጣል።

«ይህ ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ቁም ነገር አይደለም» ለሚሉን ደግሞ መልሳችን በሰነድ የተደገፈ ነው። የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ በዘመዷ በእንግሊዟ ኤልሳቤጥ ቁጥጥር ሥር ወደ 19 ዓመት በእስር ስትቆይ ያልተወሰደባት ሥልጣን የመርፌ ሥልጣን ብቻ ነበር። አንዲት ቀይ ድመት ከነአይጧ ጠለፈች። የድመቷ ሥዕል ከጌስነር የእንስሳት መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን አይጧ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለችም፤ የንግሥቲቱ ጭማሪ ናት። ኤልሳቤጥ ቀይ ጠጉር እንደነበራት ለሚያውቅ ሰው አይጧ ማን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። ሜሪ ለኖርፎክ መስፍን በላከችው ትራስ ላይ ደግሞ አንድ እጅ ማጭድ ይዞ ወይን ሲገርዝ ይታያል። ትራሱ በምርመራው ተነሣ፤ መስፍኑም እ.ኤ.አ. በ1572 በአገር ክህደት አንገቱ ተቀላ። ትራስ በሰው ላይ ሲመሰክር ያየ ኮሚቴ ጥልፍን እንደ ቀልድ ሊያይ አይችልም። የሌላ ሰው ንድፍ ወስዶ አይጥ ብቻ ጨምሮ ማቅረብን የከለከልነውም ከዚሁ ተምረን ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የእንግሊዝ ሻለቃ አሌክሲስ ካስዳግሊ ነው። በቀርጤስ ደሴት ተማርኮ ጀርመኖች እጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ አንድ ጥልፍ ሠራ። ሥራው ንጹሕ ስለሆነ ጠባቂዎቹ ወደዱለት፤ በየምርኮኛ ካምፑም ለሰው አሳዩለት። በጠርዙ ዙሪያ የተደረደሩት ነጥብና ሰረዞች ግን የሞርስ ኮድ ነበሩ። አንዱ መስመር ንጉሡን እግዚአብሔር ይጠብቅ ይላል፤ ሌላው ለሂትለር የታሰበ፣ መጽሔት ላይ የማይጻፍ ቃል ይዟል። ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ጠርዝን ሳይመረምር አያልፍም። እስካሁን የተገኘ ነገር የለም፤ ሆኖም ተማሪው ሰሞኑን ሞርስ ማጥናት መጀመሩ ተሰምቷል።

ርዕስ የመምረጡ ስብሰባ ረጅም ነበር፤ ውጤቱን ብቻ ልናገር። ጀበና ተከለከለ። የአክሱም ሐውልትና አንበሳም ተከለከሉ። ጀበና የተከለከለው ሆዱ ክብ ስለሆነ ነው፤ በካሬ ላይ ክብ ነገር ደረጃ ይሆናል፣ ሰውም ደረጃውን አይቶ «ይሄ ሕንፃ ምንድን ነው?» ይላል። ሐውልቱ የተከለከለው በተቃራኒው ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ ካሬ ላይ ራሱ ይሠራል፣ ለሰነፍ ይመቻል። አንበሳ ለምን እንደተከለከለ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ርዕስ «ወረፋ» ነው። የሁላችንም ልምድ እኩል የሆነበት መስክ ሌላ አልተገኘም።

ሥራዎቹ ሲቀርቡ የሂሳብ ሹሙ ሰዎቹን በሁለት ዓምድ፣ ገቢና ወጪ አድርገው አሰልፈዋል፤ ዓምዶቹ ይመጣጠናሉ። ተማሪው ወረፋውን ከሰማይ አይቶ እያንዳንዱን ሰው በአንዲት መስቀል ወክሎ በአንድ ምሽት ጨርሷል። ማጭበርበር ነው ብለን ደንቡን አገላበጥን፤ የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም፣ አሁን አለ።

የነርሷ ግን ቆም ብለን ያየነው ነው። ሰው የሚባል የለበትም። ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ቢጫው 444 ነው፣ ጎናቸው ጥላ እንዲይዝ አንድ ረድፍ በደብዛዛ ቢጫ ተሰፍቷል። የእያንዳንዱ ጀሪካን እጀታ ሥር አንዲት ካሬ ሳትሰፋ ተትታለች፤ ጣት የሚገባው እዚያ ነው። ከሁሉ በኋላ፣ በሰልፉ ጫፍ፣ ጀሪካን ሳይሆን ግራጫ ድንጋይ አለ። ጀሪካን የሌለው ሰው ወረፋ ያስያዘበት ድንጋይ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። የሂሳብ ሹሙ «ባለቤቶቹስ?» ቢሏት «ሥራ ገብተዋል» አለች።

የፊደል ንዑስ ኮሚቴ የተፈተነው በእማማ ሥራ ነው። የላቲኑ ፊደል 26 ነው፤ በአምስት ካሬ ቁመት እንኳ ሳይቸግር ይነበባል። የእኛ 33ቱ በሰባት ተባዝተው 231 ናቸው፤ ከዚህም አብዛኛው ልዩነት ያለው እግር ጫፍ ላይ ነው። «ቤ» ከ«ቢ» የምትለየው በቀለበቷ ነው። ቀለበት ደግሞ በካሬ ላይ ከሦስት በሦስት ባነሰ አይሠራም፤ ስምንቱ ካሬ ይሰፋል፣ መሃሉ ክፍት ይቀራል። እማማ ከሰልፈኞቹ በላይ «ዳቦ ቤት» ብለው ሲጽፉ ቦታ ስላጠራቸው ቀለበቷን ወደ አንድ መስመር አሳነሷት። የፊደል ንዑስ ኮሚቴው፣ ማለትም ተማሪው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ እኮ ‹ዳቦ ቢት› ነው የሚለው» አላቸው።

«ልጄ፣ ዳቦ ቤት የተሰለፈ ሰው ጽሑፍ አያነብም» አሉት እማማ። «የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው የሚያየው።»

ንዑስ ኮሚቴው የቀረበው መከላከያ በቂ ሆኖ ስላገኘው ክሱን ዘግቷል።

ጀርባን ካነሣን ዘንድ፣ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የጨርቁ ጀርባ ነው። ፊቱን ሁሉም ሰው ያሳምረዋል፤ የመስቀሎቹ የላይኛ እግር ወደ አንድ ወገን እስከተጋደመ ድረስ ብርሃን እኩል ያርፍበታል፣ ያምራል። ሰው የሚታወቀው ከበስተኋላ ነው፦ ክሩን ከዚህ ማዶ እዚያ ማዶ ሲጎትት፣ መተርተር ሰልችቶት በላዩ ላይ ሲሰፋ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ሲቋጥር። ከብዙ ክርክር በኋላ ጀርባ የሚታየው በባለቤቱ ፈቃድ፣ በር ተዘግቶ፣ ያለ ስልክ እንዲሆን ተወሰነ። የእማማ ጀርባ ከፊቱ አይለይም ተባለ። የእኔ በቃለ ጉባኤው ላይ «በሂደት ላይ ያለ» ተብሎ ሰፍሯል፤ በዚህ ላይ ተጨማሪ መግለጫ አልሰጥም።

ወዳጅነቱን ለመጠበቅ ሲባል አሸናፊ እንዳይኖር አስቀድሞ ተስማምተን ነበር። የሂሳብ ሹሙ ግን ያለ ውጤት የተዘጋ ሒሳብ በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ገለጹ። በመሆኑም ሁሉም ተወዳዳሪ ሁለተኛ እንዲወጣ ተደረገ። ሦስተኛ ማለት ሰው ያስቀይማል፣ አንደኛ ማለት ደግሞ ሰው ያጣላል። የአንደኛነቱ ቦታ መስፈርቱን የሚያሟላ እስኪገኝ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ምስክር ወረቀቱ በታደለ ማግስት ነርሷ ይግባኝ አቅርባለች። ጥያቄዋ የእማማ ሁለተኛነት ከእሷ ሁለተኛነት በላይ በግድግዳው ላይ ለምን ተሰቀለ የሚል ነው። እማማ በበኩላቸው ምስማሩ የነበረው እዚያ ነው ብለዋል። ጉዳዩን የሚያይ የምስማር ንዑስ ኮሚቴ የተቋቋመ ሲሆን አባላቱም ነርሷና እማማ ናቸው።