ሩብ ስልክ

ገበያ ወጥቶ «አምስት ስጪኝ» ብሎ ዝም የሚል ሰው የለም። አምስት ኪሎ ይሁን አምስት ጣሳ ካልነገራት ሻጯ እጇን አታነሣም። ኢንተርኔት ላይ ስንደርስ ግን «እናንተ ቤት ስንት ሜጋ ነው?» «አሥር ሜጋ» ተባብለን፣ ተገራርመን እንለያያለን። የምን ሜጋ እንደሆነ ጠያቂውም ተጠያቂውም አላነሡትም። የቤቱ ዋይፋይ አሥር ሜጋ ነው ሲባል በሰከንድ አሥር ሜጋቢት ማለት ነው፤ ስልካችን ላይ የምንሞላው የጊጋ ጥቅል ደግሞ የሚቆጠረው በባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ፈረንጅ ልዩነቱን በትልቁና በትንሹ ቢ ሊያሳይ ይሞክራል፤ የኛ ፊደል ታላቅና ታናሽ ስለማያውቅ ሁለቱም «ኤምቢ» ሆነው አርፈውታል። እኔም አሥር ሜጋ ከፍዬ፣ ፊልሙ በሰከንድ አንድ ሜጋ ከምናምን ሲወርድ «ሌቦች!» ብዬ የጮኽኩበት ምሽት አለኝ። አሥርን ለስምንት ማካፈል የመጣልኝ በማግስቱ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ ከዓመታት በፊት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ኦዲተር ናቸው። ለስልክ ማዞሪያው ኢ-ዋን የሚባለው መስመር ገብቶ ነበር፤ ውሉ ላይ «2 ሜጋ» ይላል። ኦዲተሩ አንድ የስልክ ንግግር 64 ኪሎቢት እንደሚፈጅ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ 2,000ን ለ64 አካፈሉና የአይቲውን ልጅ አስጠሩት።

«ሠላሳ አንድ ስልክ ከሩብ ይላል። ሩቡ ስልክ የታለ?»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ ሁለት ሜጋ የምንለው ለአፍ ስለሚቀል ነው። ልኩ 2,048 ኪሎቢት ነው።» ከዚያ 64ም ከሰማይ እንዳልወረደ አስረዳ። ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ ሲባዛ 64,000 ይመጣል። ያንን 32 ጊዜ ቢደረድሩት 2,048 ኪሎቢት።

አጠገባችን የተቀመጠ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ዘሎ ገባ። «1,024 ሲባዛ በሁለት ነዋ! ኮምፒውተር አይደል?» ልጁ ራሱን ነቀነቀ። በስልክ መስመር ኪሎ ማለት ድፍን አንድ ሺህ ነው፤ የሰውየው መልስ ከልኩ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ተሳስቶ ልክ የመጣን ሰው ግን ማን ሊያርመው? እስከ ዛሬ እንደዚያው እያስተማረ ሳይሆን አይቀርም።

ኦዲተሩ በ32 ረኩ ስንል ብዕራቸውን አነሡ። «በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መነጋገር ይችላል?»

«ሠላሳ።»

«ሁለቱስ?»

ልጁ መልስ እስኪያዘጋጅ ረቂቁ ላይ «ሁለት ቻናሎች በቆጠራ አልተገኙም» የሚል ግኝት ሰፈረ።

ልጁ ሊያረጋጋ ብሎ አባሰው። «የኛው ይሻላል ጋሼ። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ ከ1962 ጀምሮ የሠሩበት ቲ-ዋን 24 ቻናል ብቻ ነው፤ ጠቅላላው 1,544 ኪሎቢት።» ካልኩሌተሩ ተንጫጫ። 24 ሲባዛ በ64፣ 1,536። «ስምንት ተረፈ! በኛ ሁለት ይጎድላል፣ በነሱ ስምንት ይተርፋል። ይህን ሒሳብ ማነው ያጸደቀው?»

ስምንቱ አንዱ የልኬት ዙር ከሌላው እንዳይምታታ የሚገባ ምልክት መሆኑን ነገራቸው። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። «ማን ስልክ አነሣ፣ ማን ዘጋ የሚለውን ለማስተላለፍ ግን በየስድስተኛው ዙር ከድምፁ ላይ አንዳንድ ቢት ይወስዳሉ። ራሳቸው 'የተዘረፈ ቢት' ይሉታል» አለ። ኦዲተሩ «ዘረፋ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መነጽራቸውን አስተካከሉ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ዘራፊው ራሱ «ዘረፋ» ብሎ መዝገብ ላይ ያሰፈረበት ሒሳብ ገጥሟቸው አያውቅም።

ልጁ አሁንም አላረፈም። አራት ኢ-ዋን አንድ ላይ ሲታሰር 8,192 መሆን ሲገባው 8,448 ይሆናል አላቸው፤ የአራቱ ሰዓት እኩል ስለማይመታ ማሰሪያና መሙያ ቢት ይጨመራል። ይህኛው አልከበዳቸውም። ሰዓታቸው የማይገጥም አራት ሰዎች ስብሰባ ሲቀመጡ ምን ያህል ትርፍ እንደሚባክን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«እሺ፣ የኛዎቹን ሁለቱን ንገረኝ።»

«አንደኛው፣ ዜሮ ቁጥሩ፣ ሰዓት ጠባቂ ነው። ዙሩ ከየት እንደጀመረ ይናገራል። 16 ቁጥሩ ደግሞ ተላላኪ ነው፤ ማን ደወለ፣ ማን ዘጋ እያለ ይመላለሳል። በነሱ በኩል ወሬ አያልፍም።»

ኦዲተሩ ብዕራቸውን አገጫቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ። «እንግዲህ ከ32ቱ ሠላሳው ያወራል፤ ሁለቱ ዝም ብለው ይሠራሉ?»

«እንደሱ ነው ጋሼ።»

ግኝቱን በአንድ መስመር ሰረዙት። «ይህማ የኛው መሥሪያ ቤት ነው።»