የአያ ፍላሽ ሙግት

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከየካ ዋሻ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ በሚበዛበት ዳገት ላይ፣ አያ ጅቦ ኢንተርኔት ቤት ነበረው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ዱካ፣ ኮምፒውተሩ አራት። ሒሳቡ በደቂቃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ደቂቃው አይቆምም። ጅብ ነዋ!

ቤቱን በደንበኛ የሞላለት እንግዳው ፕሮግራም አያ ፍላሽ ነበር። እሱ በ1996 እ.ኤ.አ. ከባሕር ማዶ የተወለደ፣ መጀመሪያ ማክሮሚዲያ፣ ከ2005 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አዶቤ ያሳደገው ነው። ከሱ በፊት ድረ ገጽ ሲባል በአብዛኛው ጽሑፍና ተገትሮ የሚቆም ሥዕል ነበር። እሱ ሲመጣ ሥዕሉ ተራመደ፣ ዘፈነ፣ ኳስ ለጋ። ዩቲዩብ ሲከፈትም ቪዲዮውን የሚያጫውተው እሱ ነበርና፣ በዚያ ዘመን የዘፈን ክሊፕ ያየ እንስሳ ሁሉ የአያ ፍላሽ ባለዕዳ ነው።

ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነበር። እሱ ሲጨፍር የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ሌባ በሱ በኩል ይገባል፤ ይህንንም ስለሚያውቅ በየጊዜው መስኮት ከፍቶ «አድሱኝ» ይላል። እመት ጦጢት ብሯን ከፍላ ተቀምጣ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል «አድሱኝ!» እሺ ትላለች። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተጎተተ ሄዶ ሄዶ ግማሽ ላይ ቀጥ። ይሄኔ ጅቦ ከኋላዋ፣ «እመት ጦጢት፣ ሰዓትዎ አልቋል።»

በ2007 ስልኮ የሚባል ልጅ መጣ። ከሶኬት ጋር አይኖርም፤ ባንገቱ አንዲት ትንሽ ቅል ውኃ አንጠልጥሏል፤ ቅሏ ስትደርቅ ራሱን ይስታል። አያ ፍላሽ አየውና «ልጄ፣ እኔንም አዝለኝ» አለ። ልጁ አሳዳሪውን ስቲቭ ጆብስን ዞር ብሎ አየ። አሳዳሪው ፈቃድ ከልክሎ ሦስት ዓመት ቆየና በኤፕሪል 2010 ደብዳቤ ጻፈ። ይህ ሰውዬ ውኃ ይጨርሳል። ይወድቃል። ቀዳዳ አለበት። የተማረው በማውስ መታዘዝ ነው፤ ጣት አይገባውም። ደግሞም ቤቱ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ያለው አዶቤ ኪስ ውስጥ ነው።

ደብዳቤው እንጦጦ ላይ በሸንጎ ተነበበ። ለአያ ፍላሽ ጠበቃ የቆመው ዝንጀሮ ነው።

«ዝግ ነህ የሚለው ማን ሆነና ነው?» አለ። «ያለሱ ፈቃድ አንዲት ጨዋታ በስልኩ የማያስገባ፣ በገበያው ከተሸጠው ከመቶ ሠላሳ የሚቆርጥ! ውኃ ይጠጣል ነው ያላችሁት? እስቲ ቀና በሉ፤ ያስጠለላችሁ ምንድን ነው? ባሕር ዛፍ! በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ምንጭ የሚመጥ፣ ሥሩ ሌላ የማያበቅል። ግን ማገዶ አልቆ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊነሣ ሲል ይዞ ያስቀረው ማን ነው? እናቶች ቅጠሉን ጠርገው፣ ጭራሮውን አዝለው ወደ ከተማ የሚወርዱት ከማን ሥር ነው?»

ሸንጎው ዝም አለ። እኔም ብሆን መልሱ አይመጣልኝም ነበር። የመለሰችው ኤሊ ናት። ኤችቲኤምኤል የምትባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ናት፤ ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር የማንንም በር አትለምንም፤ ቀርፋፋነቷ ግን ለጉድ ነው፤ አምስተኛ የድንጋይ ልብሷን ለብሳ የጨረሰችው በ2014 ነው።

«አያ ዝንጀሮ፣ ባሕር ዛፉን ያመጣው ቢሞትም ዛፉ አለ» አለች። «ዘሩ የማንም ነው፤ የፈለገ ይተክለዋል። አያ ፍላሽ ግን አዶቤ ‹ይብቃህ› ያለው ቀን ያልቅለታል።»

ሸንጎው ሳይፈርድ ተበተነ። የፈረደችው ቅሏ ናት። ሌሎች ስልኮች፣ የአንድሮይድ ልጆች፣ ራርተው አስገቡት፤ እየጎተታቸውና ቅላቸውን እያደረቀ አስቸገራቸው። በኖቬምበር 2011 አዶቤ ራሱ ለስልክ የሚሆነውን ማዘጋጀት አቆመ። በ2015 መጀመሪያ ዩቲዩብ ወደ ኤሊ ዞረ። ኢንተርኔትን ገና ሲያውቁት በስልክ ያወቁት የየካ ግልገሎች «አያ ፍላሽ ማን ነው?» ይሉ ጀመር። አያ ጅቦ ዱካዎቹን ሸጠና ቤቱን ፎቶ ኮፒ አደረገው፤ አሁንም መብራት ሲጠፋ ሒሳቡን እንዴት እንደሚያሰላ አልጠየቅሁትም።

በኦክቶበር 2020 እንጦጦ ፓርክ ተመርቆ እንስሳቱ ስልካቸውን ዘርግተው ራሳቸውን ፎቶ ሲያነሱ፣ አዶቤ ለአያ ፍላሽ ቀን ቆርጦለት ነበር። ዲሴምበር 31 ድጋፉ ቆመ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ደግሞ ሆዱ ውስጥ ቀድሞ የተቀበረው ትእዛዝ ሠራና አላጫውትም አለ።

ያን ቀን ያለቀሰችው እመት ጦጢት ናት፤ ለሱም አይደለም። በልጅነቷ፣ በአያ ጅቦ ኮምፒውተር፣ በራሷ እጅ በፍላሽ የሣለችው የአማርኛ ካርቱን ነበራት። ፋይሉ አለ፤ የሚከፍተው ጠፋ። «ሥራዬን አብራችሁ ቀበራችሁት!» ብላ ስልኮን ያዘችው።

«እኔ የጠበቅሁት ውኃዬን ነው» አለ ስልኮ። አልዋሸም። እሷም አልተሳሳተችም፤ እንግዳውን ለማስወጣት ሲመከር በእንግዳው ቋንቋ ለሠሩት ልጆች የተቆረቆረ አልነበረም።

የተቆረቆሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሩፍል የሚባል፣ የአያ ፍላሽን ቋንቋ የሚያነብ፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ሠሩ። ኢንተርኔት አርካይቭ በኖቬምበር 2020 በዚሁ እየታገዘ የድሮ ፍላሾችን ማኖር ጀመረ። ሩፍል የሚሠራው በኤሊ ጀርባ ላይ ስለሆነ በስልክም ይከፈታል። የጦጢት ካርቱን ዛሬ የሚታየው እዚያው በከለከለው በስልኮ መስታወት ላይ ነው፤ በኪቦርድ የሚጫወቱት ጨዋታዎች ግን ለጣት እስካሁን አስቸጋሪ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ሲዲ ወይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ቤትህ ካለ ከመጣልህ በፊት ፈትሸው። ስሙ በኤስደብልዩኤፍ የሚያልቅ ፋይል ካገኘህ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ፤ በሩፍል ሊከፈት ይችላል።