አባባና የመስከረም 2 ሰልፍ

ራማት ቬርበር፣ ፔታ ቲክቫ
መስከረም 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፣ ጎንደር።

በክረምቱ ከጎንደር የሰማነው ክፉ ወሬ እንቅልፍ ነስቶን ነበርና ይህች ደብዳቤ በመልካም እንድታገኝዎት እንለምናለን። የእናቴ ጉልበት እንደዚያው ነው። የልጆቹ ዕብራይስጥ አማርኛቸውን ውጦታል። ሌላውን በስልክ እነግርዎት ነበር፤ ወንድምዎ ግን «በስልክ ከነገርካት አታምንህም፤ ጽፈህ ላክላትና ለጎረቤት ታስነብበው» ስላለኝ ብዕር አነሳሁ።

አባባን የሮክ ሙዚቃ ድግስ ወስጄው ነበር። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበቡት።

ጣጣው የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ክዊን የሚባሉት እንግሊዞች ቴላቪቭ፣ ያርኮን መናፈሻ ሊጫወቱ ይመጣሉ ተብሎ የከተማው ወሬ እነሱ ብቻ ሆነው ነበር። አንድ ማታ የድሮ ፊልማቸውን አሳዩ፤ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.። ሰባ ሁለት ሺህ ሕዝብ ሞልቶ፣ ነጭ ካናቴራ የለበሰ አንድ ሪዛም መድረኩን ከዳር እዳር ይሮጥበታል። አባባ የቡና ስኒውን ይዞ ሊያልፍ ሲል ጋዜጠኛዋ «ኢትዮጵያ» አለች። ቆመ። በዚህ አገር የእኛ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ስሟ ሲጠራ የያዘውን ይዞ ይቆማል፣ ቡናውም ይቀዘቅዛል።

አስረዳሁት። መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን ርኃብ ማይክል በርክ በቢቢሲ ቢዘግበው ዓለም ደነገጠ፤ ቦብ ጌልዶፍ የሚባል አየርላንዳዊ ዘፋኝ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ሙዚቀኛውን ሁሉ ሰበሰበ፤ ለርኃብተኛው ገንዘብ ሊሰበሰብ በአንድ ቀን ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ተዘፈነ፤ ስሙንም «ላይቭ ኤይድ» አሉት፤ እነዚህ ክዊኖች ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ተጫውተው የሌላውን ሁሉ አስረሱ አልኩት።

«ስለዚህ ይኼ ሪዛም የዘፈነው ለእኛ ነው?»

«ለወገኖቻችን ነው። አንተማ ያኔ እዚህ ገብተሃል።»

እውነቴን ነው። አባባ ያን ክረምት በመጠለያ ተቀምጦ ዕብራይስጥ ይቆጥር ነበር። እኛን ከሱዳን አውጥቶ እስራኤል ያስገባን የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር፤ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ነው የተጫነው። ከዚያ በፊት ሱዳን፣ ኡም ራኩባ መጠለያ የቀበርናቸውን እርስዎ በስም ያውቋቸዋል፤ እዚህ አልጽፋቸውም።

አባባ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያውስ የእርዳታውን ስንዴ የበላችው እታለም ናት» አለ። እርስዎን ማለቱ ነው። «በእሷ ስም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሄዶ ማመስገን አለበት። ብድር በምድር ነው።»

«አባባ፣ ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ እኮ የለም። ኅዳር 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ሞቷል።»

ስኒውን አስቀመጠ። «ለቅሶ የደረሰ ሰው አለ?»

«ከማን ወገን?»

«ከእኛ ነዋ! ሰው ስንዴ ሰጥቷችሁ ሞቶ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ነፍስ ይማር ያለው የለም?»

አለቀ። ጉዳዩ ኮንሰርት መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶ ደግሞ አይቀርም። ሟቹ ዛንዚባር የተወለደ መሆኑንማ ስነግረው «የአፍሪካ ልጅ ነው! ጎረቤት ነው!» ብሎ ጭራሽ ባሰበት። የመግቢያውን ዋጋ አልነግርዎትም፤ የሁለታችን ተደምሮ ጎንደር ገበያ ሁለት ሙክት ይገዛል፤ ለዚያውም የምንቆመው ሣር ላይ ነው።

ሌላው ጣጣ ቀኑ ነበር። ትኬቱ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ይላል። አባባ በጣቱ ቆጠረና ፊቱ ተለዋወጠ። «መስከረም 2? የአብዮት በዓል? ካልሄድን ይቀጡናል እንዴ?» እንደሚያስታውሱት በደርግ ጊዜ በየዓመቱ በዚያች ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስም እየጠራ ሰልፍ ያስወጣው ነበር። እርስዎማ አሥረኛውን ዓመት፣ የ77ቱን፣ በዓይንዎ አይተዋል፤ ሰዉ እየረገፈ ከተማው በቀይ ጨርቅ ያጌጠበትን። በሠላሳ ሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን፣ አባባ በገዛ ፈቃዱ ሰልፍ ሊወጣ ነው።

እናቴ ድፎ ዳቦ ደፋች። ኮባ እዚህ ስለማይገኝ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቀለለችው። ምክንያቱን ብጠይቅ አባባ «ስንዴ ልከውልናል፤ ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው?» አለ። ነጭ ልብሱን ለበሰ፣ ነጠላውን ደረበ፣ ከዘራውን ያዘ። ሠፈሩ ሁሉ ለሠርግ የምንሄድ መስሎት «ማዛል ቶቭ» ይለናል፤ አባባም «አሜን» እያለ ይመልሳል።

የጃቦቲንስኪ መንገድ ለባቡር ተብሎ ተቆፍሮ ነበር። ከፔታ ቲክቫ ቴላቪቭ ሩቅ አልነበረም፤ አሁን ግን አውቶቡሱ ብኔ ብራክ ላይ ቆሞ ቀረ። «ወርደን በእግር እንሂድ» አለ አባባ። ሩቅ ነው ስለው «ከጎንደር ሱዳን በሌሊት የሄድኩ ሰውዬ፣ ጎዳናው መብራት ያለበትን ልፈራ ነው?» አለኝ። ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየውና መንገዱ የተከፈተለት ያኔ ነው፤ አባባ እስከ ዛሬ በእሱ ቁጣ እንደተከፈተ ያምናል።

በሩ ላይ ፈታሹ የእኛው ልጅ ነው። እዚህ አገር የትም ይሂዱ፣ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ብዙ ጊዜ የእኛው ልጅ ነው፤ ይህን ነገር አንድ ቀን ለብቻው እጽፍልዎታለሁ። ዳቦውን ፈቶ አየና በዕብራይስጥ ምግብ አይገባም አለ። አባባ ቀና ብሎ በአማርኛ «የማን ልጅ ነህ?» አለው። ያ ጎረምሳ አማርኛው ብዙም ባይሆን ይህችን ጥያቄ ግን ያውቃታል፤ ከእናቱ ቤት ጀምሮ ስትከተለው የኖረች ናት። ያባቱን ስም ተናገረ፣ አባባ አያቱን ጠራለት፣ ከደምቢያ ወገን ሆኖ ተገኘ። ዳቦው ገባ። ከዘራውም ገባ።

ውስጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው፤ ግማሹ የአባባ እኩያ፣ ራሰ በራ፣ ጥቁር ካናቴራ የለበሰ። አባባ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ደስ አለው፤ «የተከበረ ለቅሶ ነው» አለ። ዳቦውን ለሙዚቀኞቹ ማድረስ እንደማይቻል ሲረዳ ባረከና ቆርሶ በዙሪያችን ላለው ሁሉ አደለ። አንድ ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ ሁለቴ ወሰደ። አንዲት ሴትዮ የእናቴን ስልክ ቁጥር ጠየቀች፤ የምትፈልገው የዳቦውን አሠራር ነው፤ እናቴ እስከ አሁን አላመነችም።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ፤ ድምፁ ሲፈነዳ አባባ ነጠላውን በጆሮው ላይ አጣፋ። በሟቹ ቦታ የሚዘፍነው አዳም ላምበርት የ34 ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ አይሁዳዊት ናት ስለው «ዘመድ ነው» ብሎ ቅላጼውን ሳይሰማ አጸደቀው። ልቡን የወሰደው ግን ጊታረኛው ነው። ብራያን ሜይ ጎፈሬው እንደ አርበኛ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ፣ ትከሻው ላይ ወርዷል። ጊታሩን በ16 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ጠርዝ እንጨት መሥራት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚጫወተው በዚያው ነው፤ የሚመታውም በድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ነው። ይህን ስነግረው አባባ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባቱ ሰው ነበር» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ከእኔ ጋር ምን ሠርተሃል?» አለኝ። የእሱን የቴሌቪዥን መደርደሪያ ገጣጥሜለት ነበር፤ አልቆጠረልኝም።

ሰውየው ዶክተርም ነው፤ በ60 ዓመቱ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ በሥነ ፈለክ ተመርቋል። «ምን አጥንቶ?» አለ አባባ። በፀሐይ ዙሪያ ያለውን አቧራ አልኩት። «አቧራ አጥንቶ ዶክተር? እስከ ሱዳን ድረስ አቧራ ያጠናሁ እኔ ምን ልባል?»

ክፉ ጊዜ የመጣው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ሲዘፈን ነው። ሰው ሁሉ አብሮ ይጮኻል፤ ምን እያሉ ነው ብሎ አጥብቆ ያዘኝ። አንድ ልጅ ሰው መግደሉን ለእናቱ እየነገራት ነው አልኩት። አባባ ደነገጠ። «ነፍስ ጠፍቶ ነው የሚጨፍሩት? ሽማግሌ ተልኳል? ደሙ ደርቋል?» ዘፈኑ እስኪያልቅ የሟች ወገን ማን እንደሆነ ሲያጠያይቀኝ ቆየ፤ ያ ሩሲያዊም በዕብራይስጥ ጣልቃ ገብቶ፣ ፍርድ ቤት መሄድ አለባቸው ብሎ ተከራከረው።

«ሬዲዮ ጋጋ» ላይ ሕዝቡ በአንድነት ሁለት እጁን ወደ ላይ እያነሳ ያጨበጭባል። አባባ አየ፣ አየና በእርጋታ የግራ እጁን ብቻ ጨብጦ ከፍ አደረገ። «አባባ፣ ሁለቱንም ነው» አልኩት። «በእኛ ጊዜ ግራው ነበር» አለ። ከኋላችን ያሉት ወጣቶች አዲስ የሮክ ምልክት መስሏቸው እነሱም ግራ እጃቸውን ጨበጡ። መስከረም 2፣ ቴላቪቭ፣ ሦስት መስመር ሙሉ ሰው አብዮት ያከብራል።

ብራያን ሜይ ብቻውን ተቀምጦ «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ»ን ሲጫወት ሟቹ በትልቁ ስክሪን ብቅ አለ። አባባ ቆቡን አስተካከለ፣ ከዘራውን ለእኔ ሰጠኝና፣ ጮክ ብሎ፣ «እግዚአብሔር ነፍስህን ይማር፤ ስንዴው ደርሷል» አለ። እርስዎን ወክሎ መናገሩ ነው።

የገንዘቡ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምን ያህሉ ለርኃብተኛው ደረሰ፣ ምን ያህሉ በሠፈራና በጦርነት መሐል ተዋጠ የሚሉ አሉ። ይህን ያልኩት ወደ ቤት ስንመለስ ነው፤ ባልል ይሻለኝ ነበር። አባባ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሒሳቡ ገብቶበታል። ጩኸቱ ለሰባት ቀበሌ ይበቃል፣ ልጁ ጥሩ ድምፅ አለው፣ ጎፈሬው የጨዋ ልጅ ነው ብሎ ፈርዷል፤ ስለ ስንዴው ግን ገና አልፈረደም።

ስለዚህ አክስቴ፣ የ77ቱ ስንዴ እርስዎ ዘንድ ደርሶ እንደሆነ፣ ስንት ቁና እንደነበር፣ ነቀዝ እንደነበረበትና እንዳልነበረበት በሚመጣ ሰው እጅ ጽፈው ይላኩልን። ካልደረሰዎት አባባ ለለንደን ሌላ ደብዳቤ ሊያስጽፈኝ ነው።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ