በደንዉዲ ሳይሰርቁ ስለ መውሰድ

ኑሮዎን ከአትላንታ በስተሰሜን በምትገኘው ደንዉዲ ሊያደርጉ ካሰቡ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መኪና ኢንሹራንስ የሚመክርዎ ሰው አያጡም። የእኔ ምክር ስለ አንድ ግሥ ብቻ ነው። ግሡ «ቴክ» ይባላል። አገር ቤት የእንግሊዝኛ መምህርዎ «ወሰደ ማለት ነው» ብለው አስተምረውዎታል፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ያ ፍቺ የሚያገለግለው ዕቃ ለሚወስድ ሰው ነው። እዚህ ዕቃ የሚወስዱት ሌቦችና ጓዝ አመላላሾች ናቸው። የቀረው ሕዝብ ከጠዋት እስከ ማታ ሻወር፣ አውቶቡስ፣ ክኒን፣ ፈተና፣ ፎቶ፣ ዕረፍትና እንቅልፍ ሲወስድ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ «ውሰድ» ሲባሉ አይደንግጡ፤ ፌስታልም አይዘርጉ።

ትምህርቱ ከአውሮፕላን እንደ ወረዱ ይጀምራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አትላንታ ድረስ ስለሚበር፣ የአዲስ አበባው አማርኛ ገና ከአፍዎ ሳይደርቅ ይደርሳሉ። ሊቀበልዎ ቃል የገባው ዘመድ ስልክ ደውሎ «ሥራ ላይ ነኝ፤ ማርታን ውሰድና ና» ይልዎታል። ማርታ የማን ልጅ ናት፣ ባል አላት ወይ፣ ቤተሰቦቿስ ፈቅደዋል ወይ ብለው አይጨነቁ። ማርታ የአትላንታ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት ስም ምህጻር ናት። ስንቱ በየቀኑ ይወስዳታል፤ እስካሁን አንድም ሽማግሌ አልተላከባትም። ከመስመሮቿ ቀዩን ይውሰዱ፤ ደንዉዲ ጣቢያ ያደርስዎታል። ወርቃማው ከሊንድበርግ ጣቢያ በኋላ ተገንጥሎ ወደ ዶራቪል ስለሚሄድ አይንኩት። ወርቁን ለኃይሌ ገብረሥላሴና ለፋጡማ ሮባ ይተዉላቸው። እነሱ የደንዉዲ ጣቢያ በተከፈተበት ዓመት፣ በ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ፣ እሱ በ10,000 ሜትር፣ እሷ በማራቶን ወርቁን ወስደዋል። ያውም በእኛ አወሳሰድ፣ አንገታቸው ላይ አድርገው፣ አገር ቤት ድረስ።

በመኪና የሚመጡ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። አትላንታን ዙሪያዋን በሚዞረው በ285 አውራ ጎዳና ላይ ሲነዱ፣ ስልክዎ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «መውጫ 29ን ውሰድ» ትልዎታለች። የአሽፎርድ ደንዉዲ መንገድ መውጫ ነው፤ ሳያንገራግሩ ይውሰዱት። ካመለጠዎ ግን ዩ ተርን «ሥራ» ትልዎታለች። ልብ ይበሉ፤ መውጫ ይወሰዳል፣ ዩ ተርን ይሠራል። ወደ ግራ መታጠፍ እንደ ተናጋሪው ይወሰዳልም ይሠራልም። ገንዘብ ይሠራል፣ ጓደኛ ይሠራል፣ ስሕተት ይሠራል፤ አልጋም አናጺ ሳይጠራ በየጠዋቱ ይሠራል። አሜሪካዊ ሻወር ይወስዳል፤ እንግሊዛዊ ግን ሻወር «አለው»። ለምን ብለው የሚጠይቁት ሰው ካለ እሱም አያውቀውም፤ እንዲሁ ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እንዲህ ያሉትን ግሦች «ቀላል» ብሎ ሰይሟቸዋል። ቀላል ያላቸው ክብደት የላቸውም ለማለት እንጂ ለመማር አይከብዱም ለማለት አይደለም። ሸክሙን የሚሸከመው ስሙ ነው፤ ግሡ አብሮ ይሄዳል፣ ደመወዙን ይቀበላል።

ይህን ግሥ ሲጠቀሙ ኅሊናዎ ቢቆረቁርዎ ታሪኩን ያስታውሱና ይጽናኑ። ግሡ ራሱ በቀና መንገድ የመጣ አይደለም። የጥንት እንግሊዞች ለመውሰድ የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ «ኒማን» ይሉ ነበር። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ኔመን» የሚሉት የዚያው ዘመድ ነው። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ቫይኪንጎች በጀልባ እየመጡ የገዳሙንም የመንደሩንም ንብረት ወሰዱ፤ ኋላም እዚያው ሰፈሩ። «ታካ» የሚለውን ቃል ያመጡት እነሱ ናቸው። እንግሊዞች ንብረታቸውን ማስመለስ ባይሆንላቸው ቃሉን ወሰዱ። ደንዉዲም ብትሆን ከወሳጆች ወገን ናት፤ ስሟን ቻርልስ ደንዉዲ ከተባለ ሰው ወስዳ፣ እሱ በስሙ ያልጻፈውን አንድ «ኦ» ጨምራበታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ራሷን የቻለች ከተማ ስትሆንም ትርፉን ፊደል የመለሰ የለም።

ከድሮው «ኒማን» የተረፈ አንድ ቃል አለ፤ ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋዎ ያገኙታል። ከንፈርዎ ሲደነዝዝ «ነም» ሆነ ይባላል፤ ቃሉ በትውልዱ «የተወሰደ» ማለት ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ አንጀቱ ይርሳል። እኛ ዘንድ ከድሮም ወሳጁ ሰው አይደለም። እንቅልፍ ይወስደናል፣ ጎርፍ ይወስደናል፣ ጉንፋን ይይዘናል፣ ሳቅ ያመልጠናል። የደንዉዲ ሰው ግን ከምሳ በኋላ ሰዓት ሞልቶ እንቅልፉን እሱ ይወስደዋል፤ ጉንፋንንም ሳይቀር እሱ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አለቃዎ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ካገኘዎ «ወሰደኝ» እንዳይሉ። «ወሰድኩ» ይበሉ። የወሰደ ሰው ዕረፍቱን የተጠቀመ ነው፤ እንቅልፍ የወሰደው ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

አገር ቤት ሲደውሉም ይጠንቀቁ። ለእናትዎ «ክላስ እየወሰድኩ ነው» ካሏቸው፣ እርስዎ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፔሪሜትር ኮሌጅ እዚሁ ደንዉዲ ባለው ግቢው የሚሰጠውን ትምህርት ማለትዎ ነው፤ እሳቸው ግን «የሰው ነገር ተው ልጄ፣ በሰው አገር» ብለው ስለት ይሳላሉ። በነገራችን ላይ የሻወሩ ቀልድ አርጅቷል። አዲስ አበባም ሻወር መውሰድ ከጀመረች ቆየች፤ ፈተናማ ሬዲዮውም «ተማሪዎች ፈተና ወሰዱ» ካለ ስንት ጊዜው። መፈተን የቀረው ለጾመኛና ለባለትዳር ነው።

ቀልድ የሌለበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ «እርምጃ ወሰደ» የሚለው። በቀይ ሽብር ጊዜ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ሰውየው ተገደለ ማለት ነበር። ያን ዘመን ያለፉ አዛውንት እዚሁ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ጎረቤትዎ ሊሆኑ ይችላሉ። የሣርዎ ቁመት ከልክ አልፏል የሚል ደብዳቤ ከሰፈሩ ማኅበር ደርሷቸው «እስቲ አንብብልኝ» ካሉዎ፣ «እርምጃ እንወስዳለን ይላል» ብለው ቃል በቃል አያንብቡላቸው። «ሣሩን አሳጭዱ ነው የሚሉት አባባ፤ አለበለዚያ ገንዘብ ያስከፍላሉ» ይበሏቸው። ከዚያ ሣሩን ራስዎ ያጭዱላቸው።

በመሥሪያ ቤት ደግሞ ሦስት ነገር ይሰጥዎታል። «ቴክ ኤ ሲት» ሲሉዎ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ወንበሩ እዚያው ይቀራል። «ቴክ ኬር» ሲሉዎ ተሰናብተውዎታል፤ ምን አደጋ መጥቶ ነው ብለው ዙሪያዎን አይቃኙ። «ቴክ ዩር ታይም» ግን እንደ ሰውየው ነው። ሻጭ ሲለው ዝም ብለው ያማርጡ። አለቃ ሰዓቱን እያየ ሲለው ግን «ቶሎ በል» ማለቱ ነው። በቃላቱ ላይ ምንም ለውጥ ስለሌለ መዝገበ ቃላት አያድንዎም፤ ቅንድቡን ይመልከቱ።

አንድ የሥራ ባልደረባዎ በአነጋገርዎ ቢስቅ አይቀየሙት፤ ነገር ግን የራሳችንን ጓዳ አይክፈቱለት። ዕቁብ እንደምንበላ፣ ጉቦ እንደምንበላ፣ ክራርንም አድማንም በአንድ ግሥ እንደምንመታ ከነገሩት ለምግብ ቤትና ለፖሊስ ሊጠቁመን ይችላል። ወንበር ላይ እንደ ተደላደልን «ፎቶ ተነሳን» እንደምንልም ለጊዜው በእኛ መካከል ይቅር።

በመጨረሻ ስለ ምግብ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ደንዉዲ ባለው ፔሪሜትር ሞል አካባቢ ምሳ በልተው፣ ከሳህኑ ግማሹ ተርፎ፣ በእውነት በእጅዎ ይዘው ቤትዎ ሊወስዱት ሲያስቡ፣ ይህን ሁሉ የተማሩትን ግሥ ይርሱት። አዲስ አበባ ላይ «ቴክ አዌይ» ሲሉ ኖረው ይሆናል፤ እሱ የእንግሊዞች ነው። አትላንታ ላይ ሻወሩም፣ እንቅልፉም፣ ማርታም ትወሰዳለች እንጂ ምግብ አይወሰድም። ምግብ ራሱ ይሄዳል፤ «ቱ ጎ» ነው የሚባለው። ረስተው «ቴክ አዌይ» ካሉ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ ሳህኑን ከነፓስታው አንስታ ወደ ጓዳ ትወስደዋለች፤ የምትመለሰው ሂሳቡን ይዛ ነው።