አልጋ የለም፣ አባባ

ቁልቢ ገብርኤል ቀኑን ቀይሮ አያውቅም። ፋሲካ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ረመዳን ዓመቱን ይዞራል፤ ንግሡ ግን አንዱ ታኅሣሥ 19፣ ሌላው ሐምሌ 19 ነው። ታዲያ የአዲስ አበባ ዘመዶቼ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው እየደወሉ «ጋሼ፣ ነገሩ ድንገት ሆነብን» የሚሉኝ፣ ምኑ ነው ድንገት የሆነባቸው?

የ2018ቱ የታኅሣሥ ንግሥ ደግሞ እሑድ ዋለ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ቀረና ስለት ያለበትም የሌለበትም ተነሣ። የእህቴ ልጆች ዓርብ ማታ ድሬዳዋ ሊገቡ፣ ቅዳሜን በከተማው ዞር ዞር ሊሉ፣ ከዚያ ቁልቢ ወጥተው እሑድ ማታ ሊመለሱ ወሰኑ። የቀረቻቸው አልጋ ብቻ ናት። እሷን ጋሼ ይይዛል። ጋሼ ጡረተኛ ነው፣ ጉልበቱን ከማሸት ሌላ ምን ሥራ አለው?

መመሪያውም አብሮ መጣ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን፣ መኪና ማቆሚያ ይኑረው፣ ሙቅ ሻወር ይኑረው። አቦ! ድሬዳዋ ላይ ሙቅ ውኃ? ቀኑን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ማታ ሲከፈት ቆዳ ይልጣል፤ እኛ እዚህ የቸገረን ቀዝቃዛው ነው። ከሁሉ የገረመችኝ «ቪው ያለው ቢሆን ደስ ይለናል» ያለችው ታናሺቱ ናት። ምኑን ልታይ ነው? የደቻቱን ወንዝ? ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ውኃ የሞላው ዕለት ምን እንደሚመስል ደግሞ የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ያየ ሰው ያውቃል፤ በመስኮት ቆመው የሚያዩት ነገር አይደለም።

በባጃጅ ከከዚራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ አንዲት ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «በኦንላይን ነው ያስያዙት?» አለችኝ። በእግሬ መጥቼ ፊቷ ቆሜያለሁ። «እንግዲያው አልጋ የለም፣ አባባ።» ሁለተኛው ቤት አልጋ ነበረው፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ቤቱን ሊሸጥልኝ መስሎኝ ነበር። «የንግሥ ዋጋ ነው» አለ ልጁ። ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝሩ የሚሰቀልበት ቦታ የገብርኤል ሥዕል ተሰቅሏል። «ከሥሩ ምን ተጽፏል?» ብለው ሳቀ እንጂ አልገለጠልኝም።

ሳቢያን አንድ አዲስ ገስት ሃውስ አለ ተብሎ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ያክላል። ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ አይነፍስም። ሻወሩ ኖራ በልቶት ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ በሁለቱ ብቻ ያንጠባጥባል፤ የድሬን ውኃ የሚያውቅ በዚህ አይፈርድም። አጎበር ጠየቅኩ። «አባባ፣ ቢንቢዋ እዚህ ፎቅ ድረስ አትወጣም» ተባልኩ። በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ከተማውን ሙሉ አልጋ ላይ ስታውለን ታዲያ በደረጃ ነበር የምትወጣው? መጋላ ደግሞ ከቡና ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተገኘ፤ ሙዚቃው የሚያልቀው ኪዳን ሲደርስ ነው። ጸጥ ያለ ብለውኛል፣ ተውኩት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ በድሬዳዋ መሆኑ ነው። ይህች ከተማ እኮ አልፎ ሂያጅ በማሳደር ያደገች ናት! ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ቢከለክለው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ምኒልክም «አዲስ ሐረር» አሏት። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሐዲዱ ራሱ ወደፊት መሄድ አቅቶት ዓመታት እዚሁ አደረ። አዲስ አበባ ከገባም በኋላ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንዱን አዋሽ እያደረ ነበር የሚደርሰው። ከለገሐሬ ጣቢያ ወርዶ በእግሩ ከዚራ ይገባል። ዛሬ ጣቢያውን ከከተማ ውጭ ወስደው ተክለውታል፤ መንገደኛው አልጋ ፍለጋ ሳይጀምር ባጃጅ ፍለጋ ይጀምራል።

በእኛ ጊዜ ለቁልቢ ሰሞን ሆቴል የሚጠይቅ ስንቱ ነበር? ግቢው በፍራሽ ይሞላል። የድሬ ሰው ሙቀት ሲበረታበት አልጋውን አውጥቶ ደጅ መተኛት የለመደ ነው፤ እንግዳውንም እዚያው ያስተኛዋል። ፍራሽ ሲያንስ ከጎረቤታችን ከሐጂው ቤት ይመጣል፣ ጠዋት ደግሞ ፈጢራው ከነማሩ ይከተላል። የማን በዓል ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ግቢ የት አለ? ሁላችንም ሰርቪስ ሠርተን አከራየነው። ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ተከራይ ሞተር ሳይክሉን ያቆማል።

ባለሆቴሎቹን ብቻ መርገም ልክ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ለሁለት ንግሥ ብሎ ፎቅ የሚጨምር የለም፤ የቀረውን ዓመት ባዶ አልጋ ሲያነጥፍ ይኖራል። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው። ለንግሥ የመጣ ሰው ዋዜማውን የሚያድረው ቁልቢ ነው፤ በድንኳን፣ በመኪና፣ በደጀ ሰላሙ። እና ያ በንግሥ ዋጋ የተከፈለበት የድሬዳዋ አልጋ ቅዳሜ ሌሊት ማን ተኛበት? ሻንጣ! እኔ ከሰዓት በኋላውን ስለምን የዋልኩት ለሻንጣ ማደሪያ ነው።

ጀርመን ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ በዚያው ሰሞን ደውሎ ቅዳሜና እሑድን በረዶ ላይ ሊንሸራተት ተራራ እንደሚወጣ ነገረኝ። በረዶ ላይ መንሸራተቱ አልደነቀኝም፤ የኛው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ፣ በክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ተንሸራቷል። የደነቀኝ ሌላው ነው። «አልጋውን የያዝኩት በሐምሌ ነው፣ ጋሼ፤ ከዚያ ወዲያ አይገኝም» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱ! ሊወድቅ የሚሄደው አምስት ወር አስቀድሞ አልጋ ይይዛል፤ ስለት ሊያስገባ የሚመጣው ሦስት ቀን ሲቀረው ለጋሼ ይደውላል።

ቁልቢን ያሠሩት ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ነው ይባላል፤ የዛሬውን ሕንፃ ያሠሩት ደግሞ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ራስ መኮንን ያንን ሁሉ ጦር ይዘው ሲነሡ ድንኳናቸውን ጭነው ነው። የእህቴ ልጆች ቻርጀር ይዘው መጡ።

የት አደሩ? ዓርብን እኔ ቤት ነዋ። ሁለቱ ሶፋው ላይ፣ ታናሺቱ አልጋዬ ላይ፤ እኔ ከተከራዩ ሞተር ሳይክል አጠገብ። ቅዳሜ ደንገጎን ወጥተው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ቁልቢ ደጋ መሆኑን፣ ጋቢ መያዝ እንዳለባቸው ደጋግሜ ነግሬያቸው ነበር። በድሬዳዋ ልብስ ሄደው መኪና ውስጥ ሲንቀጠቀጡ አደሩ። እሑድ ማታ ሲመለሱ «ሙቅ ሻወር አለ?» አሉኝ። ሮቶውን አሳየኋቸው።

ለሐምሌ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከታኅሣሥ 19 እስከ ሐምሌ 19 ድፍን 30 ሳምንት ስለሆነ ሁለቱ ንግሦች ሁልጊዜ በአንድ ዕለት ነው የሚውሉት። የ2018ቱ ሐምሌም እሑድ ነው ማለት ነው። ከአሁኑ ደውሉ፤ ለሆቴሉ እንጂ ለእኔ አይደለም።